ሲኩዌንሰሩ ይቆጥራል፣ ሲንተሳይዘሩ ዝም ብሏል፦ የቤት ስቱዲዮ ችግርና መፍትሄ

ሃርድዌር ሲኩዌንሰር (ኖታዎችን በቅደም ተከተል እየላከ ሌሎቹን መሣሪያዎች የሚያጫውት ሳጥን) መሀል አስቀምጦ ሲንተሳይዘሮቹንና ድራም ማሽኑን በዙሪያው የሰበሰበ ሰው የመጀመሪያውን ሳምንት አይረሳውም። ሁሉም ተሰክቷል፣ መብራቱ ሁሉ በርቷል፤ «ፕሌይ» ሲጫን ግን ወይ ምንም አይሰማም፣ ወይ የሚሰማው ያልታዘዘው ነው። ብዙዎች እዚህ ላይ መሣሪያው ተበላሽቷል ብለው ይደመድማሉ። የራሴንም የጓደኞቼንም ስቱዲዮ ለዓመታት ስፈታና ስገጥም በእርግጥ የተበላሸ መሣሪያ ያጋጠመኝ ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ አንዱ ሌላውን አለመስማቱ ነው፤ ካልሆነም ሁለት መሣሪያዎች እኩል አዛዥ ሆነው መቀመጣቸው ነው።

ስለዚህ ኬብል መንቀል ከመጀመራችሁ በፊት የተቋረጠው የትኛው መንገድ እንደሆነ ለዩ። ትእዛዝ በሚዲ (የሙዚቃ መሣሪያዎች በሚግባቡበት ቋንቋ) ኬብል ይሄዳል፣ ድምፅ በኦዲዮ ኬብል ይሄዳል፣ ኤሌክትሪክ በአዳፕተሩ ይመጣል። በሚዲ ኬብል ውስጥ ድምፅ የሚባል ነገር የለም። የሚያልፈው «ይህን ኖታ በዚህ ጉልበት ተጫወት»፣ «አሁን ተው» የሚል መልእክት ብቻ ነው።

ሲኩዌንሰሩ ይሮጣል፣ ሲንተሳይዘሩ ግን አይጮህም

መጀመሪያ የሲንተሳይዘሩን ኪቦርድ በእጃችሁ ተጫወቱ። ከጮኸ ድምፁም ኤሌክትሪኩም ደህና ነው፤ የተቋረጠው ትእዛዙ ነው። ካልጮኸ፣ ከታች የምናየው «ሎካል ኮንትሮል» ካልጠፋ በቀር፣ ሚዲውን እርሱትና ወደ ሚክሰሩ ሂዱ። ይህ የአስር ሰከንድ ሙከራ የአንድ ማታ ድካም ያስቀራል። ኪቦርድ የሌለው መሣሪያ ከሆነ ደግሞ ብዙዎቹ የድምፅ መሞከሪያ አዝራር ወይም የራሳቸው ፓተርን ስላላቸው በዚያ ፈትሹ።

ችግሩ ትእዛዙ ላይ ከሆነ ከመሰኪያው ጀምሩ። ኬብሉ ከሲኩዌንሰሩ «አውት» ወጥቶ ወደ ሲንተሳይዘሩ «ኢን» መግባት አለበት። አውትን ከአውት ማገናኘት በጣም የተለመደ ስህተት ነው፤ መሰኪያዎቹ አንድ ዓይነት ስለሆኑ ዓይን ያታልላሉ። በአሮጌ ድራም ማሽኖች ላይ ደግሞ ባለ 5 ፒን ሆኖ ሚዲ ያልሆነ መሰኪያ አለ። ዲን ሲንክ ይባላል፤ የሚያስተላልፈው ምትና «ጀምር፣ አቁም» ብቻ ስለሆነ ኖታ አያልፍበትም። ከመሰኪያው አጠገብ የተጻፈውን አንብቡ።

ቀጥሎ ቻናል። ሚዲ በአንድ ኬብል 16 ቻናሎች ይዞ ይሄዳል፤ ሲኩዌንሰሩ በ3 እየተናገረ ሲንተሳይዘሩ 1ን የሚሰማ ከሆነ ሁለቱ አይገናኙም። ለእያንዳንዱ መሣሪያ ቋሚ ቻናል ስጡና ቁጥሩን በወረቀት ጽፋችሁ መሣሪያው ላይ ለጥፉ። ይህን ሳላደርግ ስንት ጊዜ ሜኑ ውስጥ እንደጠፋሁ አስታውሳለሁ። ለድራም ብዙ ሰው 10ን ይመርጣል፤ ግዴታ ባይሆንም ልማዱ ጠቃሚ ነው።

ቻናሉም መሰኪያውም ትክክል ሆኖ ዝምታው ከቀጠለና ከሁለቱ አንዱ በትንሿ 3.5 ሚሊሜትር ጃክ የሚሠራ ከሆነ፣ ጥርጣሬያችሁን ወደ አስማሚ ኬብሉ አዙሩ። ትናንሽ መሣሪያዎች ይህን ጃክ ሲጀምሩ አምራቾቹ በአንድ አሠራር ስላልተስማሙ ሁለት ዓይነት ሽቦ አወጣጥ ተፈጠረ። በ«ኤ» ዓይነት የጃኩ ጫፍ ከ5ኛው ፒን፣ ቀለበቱ ከ4ኛው ፒን ጋር ይገናኛል፤ በ«ቢ» ዓይነት ግልባጩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 «ኤ» መደበኛው ተደርጎ ቢወሰንም ከዚያ በፊት የተሠሩት ዛሬም በየቤቱ አሉ። መልቲሜትር ካላችሁ ገመዱን በአንድ ደቂቃ ውስጥ ትለዩታላችሁ።

የዩኤስቢ ነገርም ሰው ያደናግራል። ሁለት መሣሪያዎችን በዩኤስቢ ኬብል ስላገናኛችኋቸው ብቻ አይነጋገሩም፤ ከሁለቱ አንዱ «ሆስት»፣ ማለትም ግንኙነቱን የሚመራው፣ መሆን አለበት። አብዛኞቹ ሲንተሳይዘሮች ደግሞ ከኮምፒውተር ጋር እንዲሠሩ የተዘጋጁ ተቀባዮች ናቸው። ሲኩዌንሰራችሁ የሆስት መሰኪያ ከሌለው በባለ 5 ፒኑ ሂዱ።

አንድ ቁልፍ ስጫን ኖታው ሁለት ጊዜ ይመታል፣ ድምፁም ቀጭን ይሆናል

ይህን ችግር ለይቼ እጽፋለሁ፤ ምክንያቱም ሰው ችግር መሆኑን ሳያውቅ ለወራት አብሮት ይኖራል። ምልክቱ ስውር ነው። ድምፁ በቱቦ ውስጥ ያለፈ ይመስላል፣ በየምቱ ቀለሙ ይለዋወጣል፣ 8 ድምፅ መያዝ የሚችለው ሲንተሳይዘር ከ4 ኖታ በኋላ የቀደመውን መቁረጥ ይጀምራል።

የሚሆነው እንዲህ ነው። ቁልፉን ስትጫኑ ኪቦርዱ ለራሱ የድምፅ ሞተር በውስጥ በኩል «ተጫወት» ይለዋል። ያንኑ መልእክት በአውት በኩል ለሲኩዌንሰሩም ይልካል። ሲኩዌንሰሩ ደግሞ የተቀበለውን መልሶ ያስተላልፋልና መልእክቱ ዞሮ ወደዚያው ሲንተሳይዘር ይገባል። ስለዚህ አንድ ኖታ በአንድና በሁለት ሺህኛ ሰከንድ ልዩነት ሁለቴ ይመታል፤ ሁለቱ ድምፆች ሲደራረቡ እርስ በርስ ይበላላሉ።

መፍትሄው ከሲንተሳይዘሩ ሜኑ ውስጥ «ሎካል ኮንትሮል» የሚለውን ማጥፋት ነው። ያን ጊዜ ኪቦርዱና የድምፅ ሞተሩ ይለያያሉ፤ ኪቦርዱ የሚናገረው ለሲኩዌንሰሩ ብቻ፣ ሞተሩ የሚታዘዘው ከሲኩዌንሰሩ ብቻ ይሆናል። አንዳንድ መሣሪያ ሲጠፋና ሲበራ ሎካሉን መልሶ ያበራዋል። ሲኩዌንሰራችሁ ሲነሳ ኮንትሮል ቼንጅ የሚባለውን የሚዲ ማስተካከያ መልእክት ቁጥር 122ን በዋጋ 0 መላክ ከቻለ ከዚህ ትገላገላላችሁ። ሎካል የማይጠፋለት ሲንተሳይዘር ከሆነ ደግሞ በሲኩዌንሰሩ በኩል የዚያን ቻናል መልሶ ማስተላለፍ ዝጉት። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ሎካሉን አጥፍታችሁ ሌላ ቀን ሲኩዌንሰሩን ሳታበሩ ኪቦርዱን ብትነኩ ምንም አይጮህም። ያ ብልሽት አይደለም።

ሁለት የተለያዩ ሲንተሳይዘሮች አንድን ዜማ አብረው የሚጫወቱ ከሆነ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው። ወይ ቻናላቸው አንድ ነው፣ ወይ አንዱ «ኦምኒ» ላይ ሆኖ የሁሉንም ቻናል ይሰማል። ኦምኒውን ዝጉ።

ድራም ማሽኑ ከሲኩዌንሰሩ ጋር አይገጥምም

ምት ላይ አዛዥ አንድ ብቻ ነው። ሲኩዌንሰሩ መሀል ከተቀመጠ ክሎኩ (ምቱን የሚቆጥረው ሰዓት) «ኢንተርናል»፣ የሌሎቹ ሁሉ «ኤክስተርናል» ይሁን። ሁለት መሣሪያዎች በኢንተርናል 120 ላይ ቢቀመጡ ለጥቂት ባር አብረው ይሄዱና ቀስ እያሉ ይለያያሉ፤ የሁለቱ ሰዓት በጥቂቱም ቢሆን ይለያያልና።

የሚዲ ክሎክ በአንድ ሩብ ኖታ 24 ጊዜ ይመታል። በ120 ቴምፖ በሰከንድ 48 ምት፣ በሁለት ምቶች መካከል 20.8 ሺህኛ ሰከንድ ያህል ማለት ነው። ቴምፖው በድንገት እጥፍ ከሆነ ወይም በስክሪኑ ላይ ቁጥሩ እየዘለለ ካስቸገረ፣ መሣሪያው ክሎክ ከሁለት በኩል እየደረሰው እንደሆነ ጠርጥሩ። አንዱ በዩኤስቢ፣ ሌላው በባለ 5 ፒን መጥቶ ይሆናል። አንዱን ዝጉት። ምቱ ትክክል ሆኖ መሣሪያው ከነጭራሹ ካልተነሳ ደግሞ ክሎኩ ደርሶት «ጀምር» የሚለው መልእክት ቀርቶበታል ማለት ነው። ሁለቱ የተለያዩ መልእክቶች ስለሆኑ በብዙ ሲኩዌንሰሮች ሜኑ ላይ ለየብቻ ይከፈታሉ። ከፓተርኑ መሀል የሚነሳ ከሆነ የደረሰው «ጀምር» ሳይሆን «ቀጥል» ነው፤ ሲኩዌንሰሩን ወደ መጀመሪያው መልሳችሁ አስነሱት።

በአናሎግ ሲንክ ጃክ ለሚገናኙት ችግሩ ቁጥር ነው። የኮርግ ቮልካ ቤተሰብ በሩብ ኖታ 2 ምት ይጠብቃል። ዲን ሲንክ በሮላንድ 24፣ በቀድሞዎቹ ኮርጎች 48 ነው። አንዱ የሚልከውና ሌላው የሚጠብቀው ካልተስማማ በግማሽ ወይም በእጥፍ፣ አንዳንዴም ከዚያ በባሰ ፍጥነት ይሮጣል። ቁጥሩን በሲኩዌንሰሩ በኩል ማስተካከል ይቀላል።

ኖታዎቹ ይዘገያሉ፣ ምቱ ይንገዳገዳል

ሚዲን ከመክሰሳችሁ በፊት ድምፁን ራሱን ፈትሹ። ቀስ ብሎ የሚነሳ የስትሪንግ ድምፅ ሁልጊዜ የዘገየ ይመስላል። አታኩን (ድምፁ ለመነሳት የሚወስደውን ጊዜ) ወደ ዜሮ አውርዳችሁ ወይም ደረቅ የፐርከሽን ድምፅ መርጣችሁ እንደገና አዳምጡ። የማዘግየት ነገር በርግጥ ካለ የሚሰማው ያኔ ነው።

ካለ ደግሞ ምክንያቱ የኬብሉ መጨናነቅ ሊሆን ይችላል። ሚዲ እ.ኤ.አ. በ1983 ሲወጣ ፍጥነቱ በሰከንድ 31,250 ቢት ነበር፤ የባለ 5 ፒኑ ፍጥነት ዛሬም ያው ነው። አንድ የኖታ መልእክት 3 ባይት ስለሆነ ለመተላለፍ አንድ ሺህኛ ሰከንድ ያህል ይወስዳል። በአንድ ምት ላይ 10 ኖታ ከተጠራ አስረኛው ከመጀመሪያው 9 ሺህኛ ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ይደርሳል። የኪክ ድራሙ አስረኛ ከሆነ ጆሮ ይሰማዋል። በዚህ ላይ የፊልተር እንቅስቃሴና አፍተርተች (ቁልፉ ከተመታ በኋላ ጠበቅ ተደርጎ ሲጫን የሚላከው መልእክት) ሲጨመር መንገዱ ይዘጋል። ሲኩዌንሰሩ ከአንድ በላይ አውት ካለው ድራሙን ለብቻው በአንዱ አውጡት። ከሌለው ድራሙን በመጀመሪያው ትራክ ላይ አስቀምጡት፤ ብዙ ሲኩዌንሰሮች ትራኮቹን በቅደም ተከተል ነው የሚልኩት። የማትጠቀሙበትን አፍተርተችም ዝጉት።

ብዙ ሰው መዘግየቱን በ«ትሩ» (በኢን የገባውን መልእክት እንዳለ ወደ ቀጣዩ መሣሪያ በሚያሳልፈው መሰኪያ) ሰንሰለት ላይ ያላክካል። ይህ ልክ አይመስለኝም። ትሩ የሚያዘገየው እጅግ ጥቂት ነው፤ ጉዳቱ ሌላ ነው። መልእክቱ በእያንዳንዱ መሣሪያ መግቢያ በብርሃን ማገናኛ ስለሚያልፍ ቅርፁ ትንሽ ትንሽ ይበላሻል፤ አራተኛና አምስተኛው ላይ ሲደርስ ባይት መሳት ይጀምራል። የሚታየውም መዘግየት ሳይሆን የጠፋ ኖታ ነው። ከሦስት በላይ መሣሪያ ካላችሁ ከአንድ ኢን ወደ ብዙ ትሩ የሚያከፋፍል ሳጥን ጨምሩ። አንዱን ኬብልም ከ15 ሜትር አታስረዝሙ።

አንድ ኖታ አልቆም ብሎ ይጮሃል

«ተው» የሚለው መልእክት አልደረሰም። ኖታው እየጮኸ ቻናል ለውጣችሁ ወይም ኬብል ነቅላችሁ ይሆናል። በሲኩዌንሰሩ ላይ «ፓኒክ» ተጫኑ፤ ከሌለ ኮንትሮል ቼንጅ 123 ያው ሥራ ይሠራል። ሁሉም ኖታ የሚንዛዛ ከሆነ ግን የሰስቴይን ፔዳሉን ተመልከቱ። ፔዳል ተረግጦ ሲንተሳይዘሩ ከበራ አንዳንዱ ሥራውን ይገለብጠዋል። እግራችሁን አንሥታችሁ አጥፍታችሁ አብሩት።

ስፒከሩ ውስጥ የማያቋርጥ ጉምጉምታ አለ

ዝቅ ያለና ያልተቋረጠ «እምም» ከሆነ ምንጩ የግራውንድ (የመሬት ሽቦ) ቀለበት ሊሆን ይችላል። ሁለት መሣሪያዎች በኤሌክትሪኩ በኩልም በኦዲዮ ኬብሉ በኩልም በግራውንድ ሲገናኙ የመስመሩ 50 ወይም 60 ኸርዝ ወደ ድምፁ ይገባል። ኦዲዮ ኬብሎቹን አንድ በአንድ ንቀሉ፤ ጉምጉምታው የቆመበት ኬብል ቀለበቱን የሚዘጋው ነው። ቀጭን ጩኸት ከሆነና ስክሪን በተለወጠ ቁጥር የሚለዋወጥ ከሆነ ዩኤስቢውን ንቀሉና አዳምጡ። ባለ 5 ፒን ሚዲ መግቢያው ላይ በብርሃን የተለየ ስለሆነ እንዲህ ያለ ችግር አያመጣም። ዩኤስቢውን ትቼ ወደ ባለ 5 ፒኑ የተመለስኩትም በዚህ ምክንያት ነው።

ሁሉንም ከአንድ ግድግዳ ሶኬት በሚወጣ ማከፋፈያ ላይ ሰኩ፣ የመሸከም አቅሙ እስከፈቀደ ድረስ። ካልበቃ በኦዲዮው መስመር ላይ ትራንስፎርመር ያለው ዲአይ ቦክስ (የሁለቱን መሣሪያዎች ግራውንድ የሚለያይ ትንሽ ሳጥን) አስገቡ። የኤሌክትሪኩን የግራውንድ ሽቦ ግን በፍጹም አትቁረጡ፣ ፒኑንም አትሸፍኑ። ያ ሽቦ የተሠራው የመሣሪያው ውስጥ ሲበላሽ ሰውን እንዳይገድል ነው።

ይበራል፣ ይጠፋል፤ ወይም ጭራሹኑ አይበራም

አዳፕተሮቹ ተቀያይረው ይሆናል። መሰኪያው ስለገባ ልክ ነው ማለት አይደለም። ቮልቴጁ እኩል፣ አምፒሩ እኩል ወይም በላይ፣ የመሀሉ ፒን ፖዘቲቭ ወይም ኔጋቲቭ መሆኑ ከመሣሪያው ጀርባ ካለው ምልክት ጋር አንድ መሆን አለበት። አንዳንድ መሣሪያ ኤሲ አዳፕተር ነው የሚፈልገው። በየአዳፕተሩ ላይ የባለቤቱን ስም ጻፉበት።

ድምፁ አለ፣ ግን የተሳሳተው ነው

አንድ ኦክታቭ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ አትደናገጡ፤ የሚዲ ኖታ 60ን አንዱ አምራች ሲ3፣ ሌላው ሲ4 ይለዋል። በሲኩዌንሰሩ የትራንስፖዝ ሴቲንግ 12 ጨምሩ ወይም ቀንሱ። በቁጥር የተጠራው የድምፅ ዓይነት በአንድ ቁጥር ከሳተ ደግሞ አንዱ ከ0 እስከ 127፣ ሌላው ከ1 እስከ 128 ይቆጥራል።

በሲቪ (ኖታን በቮልቴጅ መጠን በሚያዝ ምልክት) የሚነዳ አናሎግ ሲንተሳይዘር ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ከቃኙ የሚሸሽ ከሆነ መጀመሪያ ሃያ ደቂቃ ያህል ይሙቅ። ከዚያም ካልተስተካከለ የሚፈልገውን የቮልቴጅ ስሌት አረጋግጡ። አብዛኛው በአንድ ኦክታቭ 1 ቮልት ነው፤ ኮርግ ኤምኤስ-20 ግን በኸርዝ በቮልት ይሠራል፣ የ«ተጫወት» ምልክቱም ግልባጭ ነው። ሲኩዌንሰራችሁ ሁለቱንም የሚያውቅ ከሆነ በሜኑ ትለውጡታላችሁ። ካልሆነ መሀላቸው የሚገባ ለዋጭ ያስፈልጋል፤ የቃኝ ማስተካከያውን ለመንካት ሽፋኑን አትክፈቱ።