መብራት ሲሄድ ድርቅ የሚል ፕሮግራም፦ ሲግናልን ከሉፕ ጋር ማስታረቅ

ጅማ ውስጥ ለአንድ የቡና መጋዘን ሚዛን የሚያነብ ፕሮግራም ጽፌ ነበር። ኬሻው ሚዛን ላይ ይወጣል፣ ቁጥሩ በገመድ ይመጣል፣ በኢፖል (አዲስ መረጃ እስኪመጣ ፕሮግራሙን አስተኝቶ ሲመጣ የሚቀሰቅስ የሊኑክስ መሣሪያ) የሚሽከረከረው ሉፕ ተቀብሎ ፋይል ላይ ይጽፈዋል። መብራት ሲሄድ ዩፒኤሱ ትንሽ ደቂቃ ይይዛል፤ ኮምፒውተሩ መዘጋት ሲጀምር ፕሮግራሜ ሲግተርም፣ ማለትም «ዝጋ» የሚል ሲግናል፣ ይደርሰዋል። ብዙ ጊዜ በሰላም ይዘጋል። አንዳንዴ ግን ድርቅ ይላል። ኅዳር ላይ፣ ቡናው ከጎማና ከማና በሚጎርፍበት ሰሞን፣ ሚዛን ላይ የሚሠራው ልጅ ደውሎ «ወንድሜ፣ ዛሬም ሁለት ኬሻ በላ» ይለኛል።

ጥፋቱ የኔው ነበር። ሲግናል ሲመጣ በሚነሳው ኮድ፣ በሲግናል ሃንድለሩ ውስጥ፣ ፕሪንትኤፍ (ጽሑፍ ማተሚያውን) እጠራለሁ፣ ሜሞሪ እለቃለሁ፣ ፋይል እዘጋለሁ፣ ከዚያ በኤግዚት እወጣለሁ። ሲያዩት ምንም አይል።

ሲግናል ግን ወረፋ አያውቅም። ፕሮግራሙ ማሎክ (ሜሞሪ የሚሰጠው ፈንክሽን) ውስጥ ገብቶ ቁልፉን እንደያዘ መሃል ላይ ያስቆመውና ሃንድለሩን ያስነሳል፤ ሃንድለሩም ያንኑ ቁልፍ ሲፈልግ፣ ቁልፉን የያዘው ኮድ ደግሞ ሃንድለሩ እስኪጨርስ ቆሞ ሲጠብቅ፣ ሁለቱ ሲጠባበቁ ይነጋል። ፖዚክስ የሚባለው የዩኒክስ መሰል ሲስተሞች ስታንዳርድ ሃንድለር ውስጥ ያለ ስጋት የሚጠሩትን ፈንክሽኖች ዘርዝሯል። ራይት (ባይት መጻፊያው) አለበት። ፕሪንትኤፍ፣ ማሎክና ኤግዚት የሉበትም።

«እሺ፣ ፍላግ (ሲግናል መምጣቱን የሚያሳይ ምልክት) ብቻ ላብራና ሉፑ ይየው» ትሉ ይሆናል። እኔም ብያለሁ። ሉፑ ፍላጉን አይቶ «ምንም የለም» ካለ በኋላ፣ ኢፖል ላይ ከመተኛቱ በፊት ባለችው ቅጽበት ሲግናሉ ቢመጣስ? ፍላጉ በርቷል፣ ሉፑ ተኝቷል። ሚዛኑ ላይ ኬሻ እስኪወጣ የሚቀሰቅሰው የለም። ማታ ደግሞ ማን ቡና ይመዝናል?

መፍትሔው የቆየ ነው፤ ዳን በርንስታይን «ሰልፍ ፓይፕ» ብሎ ያስተዋወቀው ዘዴ። ፕሮግራሙ ሲጀምር ለራሱ ፓይፕ፣ በአንዱ ጫፍ ተጽፎ በሌላው የሚነበብ ቧንቧ፣ ይከፍታል፣ የማንበቢያውን ጫፍ ከሚዛኖቹ ጋር አብሮ ኢፖል ላይ ያስመዘግባል። ሃንድለሩ የሲግናሉን ፍላግ ያበራል፣ ፓይፑ ላይ አንድ ባይት ይጽፋል፣ አለቀ። ሉፑ ቢተኛ እንኳ ባይቷ ትቀሰቅሰዋለች፤ ፋይል መዝጋቱም ሆነ ሎግ መጻፉ በተለመደው ኮድ፣ ተረጋግቶ ይሠራል።

ሰው የሚሳሳትባቸው ጥቃቅን ነገሮች አሉ። ሃንድለሩ ሲገባ ኤርኖን (የመጨረሻው ስህተት ቁጥር የሚያዝበትን) ያስቀምጥ፣ ሲወጣ ይመልስ፤ አለዚያ የተቋረጠው ኮድ የማያውቀው ስህተት ይታየዋል። ሁለቱም የፓይፑ ጫፎች የማያግዱ፣ ማለትም ኖንብሎክ፣ ይሁኑ። ሊኑክስ ላይ ፓይፕ በተለምዶ 65,536 ባይት ይይዛል፤ ሞልቶ ሃንድለሩ እዚያው ቢታገድ የሸሻችሁት ነገር ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ሞልቶ ራይት እምቢ ቢል ግን ግድ የለም፣ የሚቀሰቅስ ባይት ውስጥ አለ። ሉፑ ሲነቃ መጀመሪያ ፓይፑን ያጽዳ፣ ከዚያ ፍላጎቹን ይይ። ቅደም ተከተሉን ከገለበጣችሁት ሲግናል ይጠፋባችኋል።

ሊኑክስ ላይ ብቻ ለምትሠሩ ሲግናልኤፍዲ አለ፣ ከከርነል 2.6.22 ጀምሮ። ሲግናሎቹን ታግዱና እንደ ፋይል ታነቧቸዋላችሁ፤ ሃንድለር የሚባል ነገር አያስፈልግም። ንጹሕ ነው። ግን እገዳውን ልጅ ፕሮሰስ (ፕሮግራማችሁ የሚያስነሳው ሌላ ፕሮግራም) ይወርሰዋል። ደረሰኝ የሚያትም ፕሮግራም ከውስጥ ብታስነሱ እሱም ሲግተርም አይሰማም፤ ከኤግዜክ (አዲሱን ፕሮግራም ከሚያስጀምረው ጥሪ) በፊት እገዳውን አንሱለት። እኔ አሁንም ፓይፑን እመርጣለሁ።

ስለ ልጅ ፕሮሰስ ካነሳን፣ ልጅ ሲሞት የሚመጣው ሲግቻይልድ አይደረደርም። ሦስት ልጆች አንድ ላይ ቢሞቱ አንድ ሲግናል ብቻ ሊደርሳችሁ ይችላል። ስለዚህ ዌይትፒአይዲን (የሞተ ልጅ የሚሰበስበውን ጥሪ) በማይጠብቀው መንገድ፣ የሞተ እስኪያልቅ ደጋግማችሁ ጥሩት።

ፓይተን አሲንክአይኦ የምትጠቀሙ አድ ሲግናል ሃንድለር የሚለው ይህንን ሁሉ ይሠራላችኋል፤ ኖድም እንዲሁ፣ ከስር ያለው ሊብዩቪ ፓይፕ ነው የሚጠቀመው።

ሲግናል 9ን፣ በግድ የሚገድለውን፣ ማንም አይዘውም፣ አትልፉ። የሊኑክስ አገልግሎቶችን የሚያስተዳድረው ሲስተምዲ ካልቀየራችሁት 90 ሰከንድ፣ ኮንቴይነር የሚያቆመው ዶከር ስቶፕ 10 ሰከንድ ብቻ ታግሰው እሱን ይልካሉ። በዚያ ጊዜ ውስጥ አዲስ ግብዓት መቀበል አቁሙ፣ የቀረውን ጻፉ፣ ኤፍሲንክ አድርጉ (ዲስክ ላይ እንዲደርስ)፣ ውጡ።

ስትፈትሹ ሚዛኑ ሲሠራ ብቻ አትሞክሩ። ባዶ አድርጉት፣ ጥቂት ደቂቃ ተዉት፣ ከዚያ ሲግተርም ላኩ። ወዲያው ካልወጣ የፓይፑን ጫፍ ኢፖል ላይ ማስመዝገብ ረስታችሁ ሊሆን ይችላል። እኔ መጀመሪያ የረሳሁት እሱን ነው።