በርበሬውን ያበሰበሰውን ፈንገስ በዲኤንኤ እንዴት እንለያለን?

ቡሬ አካባቢ በርበሬው መቅላት ሲጀምር ፍሬው ላይ ክብ፣ ጎድጎድ ያለ ቁስል ይወጣል። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት መሃሉ ላይ ብርቱካንማ ነጠብጣብ ቀለበት ሠርቶ ታገኛላችሁ። ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ በጣት ሲነኩት ያሟልጫል። ያ ነጠብጣብ የተከማቸ ስፖር፣ ማለትም የፈንገሱ ዘር ነው። በሽታው አንትራክኖዝ ይባላል። የሚያመጡት ኮሌቶትሪከም የሚባለው ወገን ፈንገሶች ናቸው።

ኮሌቶትሪከም ግን አንድ ዝርያ አይደለም። በውስጡ ብዙ ዝርያ አለ፤ በማይክሮስኮፕ ሲታዩም ብዙዎቹ ቁርጥ አንድ ናቸው። አንዳንዱ ማንጎና አቮካዶንም ያጠቃል። አንዱን የሚያቆም መድኃኒት ሌላውን ላያቆም ይችላል። አንድ ገበሬ «ልጄ፣ ይሄ ነገር ከጓሮዬ ማንጎ ነው የመጣው?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ዝርያውን ሳላውቅ ምን ልበላቸው? ዲኤንኤ የሚያስፈልገን ለዚህ ነው።

1. ናሙናውን በወረቀት ያዙ

ቁስሉ ገና የጀመረ ፍሬ ምረጡ። ሙሉ በሙሉ የበሰበሰው ላይ ሌሎች ሻጋታዎች ሰፍረውበታል። እያንዳንዱን ፍሬ በጋዜጣ ጠቅልላችሁ በወረቀት ፖስታ ክተቱ። ቀበሌውን፣ ቀኑንና የዘሩን ዓይነት በእርሳስ ጻፉበት፤ እስክሪብቶ እርጥበት ሲነካው ይጠፋል። ፌስታል ፈጽሞ አትጠቀሙ። እስከ ባሕር ዳር ባለው መንገድ ፍሬው ያልበዋል፤ ስትደርሱ የሚጠብቃችሁ ሌላ ሻጋታ ነው።

2. አጥባችሁ ዝሩ

ጤነኛውና የታመመው አካል ከሚገናኙበት ጠርዝ 5 ሚሊ ሜትር የሚሆን ቁራጭ በምላጭ ቁረጡ። 70 በመቶ አልኮል ውስጥ 30 ሰከንድ፣ ከዚያ 1 በመቶ በረኪና ውስጥ 1 ደቂቃ አቆዩት። በረኪናው 5 በመቶ የሚል ከሆነ አንድ እጅ በረኪና ለአራት እጅ ውሃ ነው። በንጹሕ የላብራቶሪ ውሃ ሦስት ጊዜ አለቅልቁ፣ በወረቀት አድርቁ፣ ፒዲኤ ላይ (ከድንችና ከስኳር የተሠራ፣ ፈንገስ የሚያድግበት የረጋ ምግብ ነው) አስቀምጡ። በ25 ዲግሪ ከ5 እስከ 7 ቀን ይበቃዋል።

የስንዴ ዋግ ወይም በአዊ ዲከረንስ ዛፉን የመታው ዋግ ከሆነ የያዛችሁት ይህን ደረጃ እለፉት። ዋግ ሕይወት ያለው ተክል ላይ እንጂ ፒዲኤ ላይ አያድግም። ስፖሩን ከቅጠሉ በብሩሽ አራግፋችሁ በቀጥታ ወደ ዲኤንኤ ማውጣት ሂዱ።

3. አንድ ስፖር ብቻ ለዩ

ይህንን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። እኔም ዘልዬዋለሁ። ፔትሪ ዲሹ ላይ ያደገው ፈንገስ ነጭ፣ ክብ፣ የሚያምር ነበር። ንጹሕ መሰለኝ። ከ12 ናሙና ዲኤንኤ አውጥቼ ቅደም ተከተሉን እንዲያነቡልኝ ወደ ውጭ ላክሁ። ከሁለት ወር በላይ ጠበቅሁ። ውጤቱ ሲመጣ ግራፉ ላይ በአንድ ቦታ ሁለት ጫፍ፣ አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ ወጣ። ሁለት ፈንገስ አብረው አድገው ኖሯል። ከ12ቱ 7ቱ አልተነበቡም። ገንዘቡም ሄደ፣ የበርበሬው ወቅትም አለፈ፤ እንደገና ለመሰብሰብ ዓመት መጠበቅ ነበረብኝ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከብርቱካንማው ነጠብጣብ በመርፌ ጫፍ ትንሽ ነክታችሁ 1 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ አማስሉት። ከዚያ ላይ አንድ እጅ ወስዳችሁ በዘጠኝ እጅ ውሃ አቅጥኑ። ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ ድገሙት። ጠብታውን ማይክሮስኮፕ ላይ አድርጋችሁ በ10 ሌንስ ስታዩት በአንድ እይታ አንድ ወይም ሁለት ስፖር ብቻ ከታየ ልክ ነው። ብዙ ከሆነ አሁንም አቅጥኑ። ከዚያ 2 በመቶ የውሃ አጋር (ምግብ ያልተጨመረበት፣ እንደ ጄሊ የረጋ) ላይ አፍስሳችሁ ዲሹን እያዘነበላችሁ አዳርሱት። ፒዲኤ ላይ እንዳታደርጉት፤ ምግብ ስላለው ሁሉም በአንዴ ይንጋጋል፣ ለማየትም ያስቸግራል።

ማታ ካፈሰሳችሁት በማግስቱ ጠዋት እዩት፤ ከ12 እስከ 18 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ማለት ነው። ስፖሩ የሩዝ ፍሬ ይመስላል፤ ከአንድ ጎኑ ቀጭን ክር አውጥቶ ታዩታላችሁ። አሁን ነው የሚነሣው። ብቻውን የቆመውን ፈልጉ። በእሳት የጸዳ ቀጭን መርፌ ይዛችሁ ከሥሩ ካለው አጋር ጋር ቆርጣችሁ አንሡትና አዲስ ፒዲኤ ላይ አኑሩት። ዓርብ ጀምሮ ሰኞ አያለሁ አይባልም። ክሮቹ ተጠላልፈው የማን እንደሆኑ አይለዩም።

እጃችሁ መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል። ክርናችሁን ጠረጴዛው ላይ አስደግፉ። ለዚህ ሥራ ተብሎ የሚሸጠውን ውድ መሣሪያ አልመክርም። ጥሩ የስፌት መርፌ እጀታ ተበጅቶለት ይበቃል።

4. ዲኤንኤውን አውጡ

ኪት ካላችሁ መመሪያውን ተከተሉ። ከሌላችሁ ሲታብ የሚባለው ሳሙና መሰል ኬሚካል ርካሽና አስተማማኝ ነው፤ እኔ እንዲያውም ለፈንገስ እሱን እመርጣለሁ። ያደገውን ክር ፍቃችሁ በሙቀጫ አድቅቁ፤ በ2 በመቶ ሲታብ 65 ዲግሪ ላይ ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት አቆዩ። በክሎሮፎርምና በአይሶአሚል አልኮል 24 ለ1 አጽዱ። ክሎሮፎርሙን ጭስ ማውጫ ባለው ቦታ ብቻ ክፈቱ። በቀዝቃዛ አይሶፕሮፓኖል አዝቅጡ፣ በ70 በመቶ አልኮል እጠቡ።

5. ፒሲአር

ፒሲአር የምትፈልጉትን የዲኤንኤ ክፍል በማሽን ደጋግሞ የሚያባዛ ዘዴ ነው። ከአንድ በላይ የዲኤንኤ ክፍል አባዙ። አይቲኤስ የሚባለው ክፍል እ.ኤ.አ. በ2012 የፈንገሶች ዋና መለያ ባርኮድ ተብሎ ተመርጧል፤ ወገኑን ለማወቅ ጥሩ ነው። ለኮሌቶትሪከም ዝርያ ግን አይበቃም። ጋፒዲኤች፣ ቤታ ቱቡሊንና አክቲን የሚባሉትን ጂኖች ጨምሩ። የያዛችሁት ፉዛሪየም የሚባለው ሌላ ወገን ፈንገስ ከሆነ ቴፍ ዋን የሚባለውን ጂን ያዙ።

ዲኤንኤ የሌለበት፣ ውሃ ብቻ ያለበት አንድ ቱቦ ሁልጊዜ ይኑራችሁ። የተባዛው ዲኤንኤ መስመር ሆኖ በሚታይበት ጄል ላይ ከውሃው ቱቦም መስመር ከታየ ሁሉንም ጣሉት። መሃል ላይ መብራት ከጠፋም ካቆመበት አትቀጥሉ፤ ከመጀመሪያው ጀምሩ። ማሽኑ ዩፒኤስ ላይ ይሁን።

ለማስነበብ ወደ ውጭ የምትልኩ ከሆነ ዲኤንኤም የጀነቲክ ሀብት ነው። በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ፈቃድ ያስፈልገዋል። ይህን ናሙና ከመሰብሰባችሁ በፊት ጀምሩት።

6. ስሙን አትቸኩሉበት

ውጤቱ ሲመጣ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን የተዘበራረቀ ክፍል ቆርጣችሁ ጣሉ። ብላስት ላይ አስገቡት፤ ብላስት ቅደም ተከተላችሁን ጂንባንክ በሚባለው የዲኤንኤ ማከማቻ ውስጥ ካሉት ጋር የሚያነጻጽር ፕሮግራም ነው። ከላይ የሚመጣውን ስም ወስዳችሁ እንዳትጽፉ። በአይቲኤስ ብቻ ስትፈልጉ 100 በመቶ ተመሳሳይ ተብለው ብዙ ዝርያዎች ሊደረደሩ ይችላሉ። ጂንባንክ ውስጥ ያለውን ስም የሰጠው ያስገባው ሰው ነው፤ ተሳስቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፍለጋውን ከታይፕ ናሙና በተገኙት ላይ ብቻ ወስኑት። ታይፕ ማለት ዝርያው መጀመሪያ ስም ሲወጣለት መነሻ የሆነው ናሙና ነው። ግሎሜሬላ የሚል ስም ካያችሁ ደግሞ አትደናገጡ። ያው ኮሌቶትሪከም ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011 የሜልቦርን የዕፅዋት ሳይንስ ጉባኤ በፊት አንድ ፈንገስ ሁለት ስም መያዝ ይችል ነበር።

ቀጥሎ የታይፖቹን ቅደም ተከተል ከራሳችሁ ጋር ማፍት በሚባል ፕሮግራም አሰልፉና ሜጋ በሚባል ፕሮግራም የዝምድና ዛፍ ሥሩ። ሁለቱም በነጻ ይገኛሉ። የእናንተ ናሙና ከአንድ ታይፕ ጋር አብሮ ከገባ፣ ቡትስትራፑም (ያ ቅርንጫፍ ምን ያህል አስተማማኝ እንደሆነ የሚያሳየው ቁጥር) ከፍ ካለ፣ ስሙን ጻፉ። በሁለት ዝርያዎች መካከል ከቆመ «የዚህ ዝርያ ስብስብ አባል» ብላችሁ አቁሙ። ይህን መጻፍ አያሳፍርም።

7. ወደ በርበሬው መልሱት

የለያችሁት ፈንገስ በሽታውን የሚያመጣው ራሱ መሆኑን ዲኤንኤ አይነግራችሁም። ጤነኛ ፍሬ አጥባችሁ በመርፌ ወጋ አድርጉ፤ የስፖሩን ውሃ ጠብ አድርጉበት። ሌሎቹ ላይ ንጹሕ ውሃ ብቻ። እርጥብ ወረቀት ያለው የተከደነ ዕቃ ውስጥ በ25 ዲግሪ አስቀምጡና ለአንድ ሳምንት ያህል በየቀኑ እዩ። ያ ጎድጓዳ ቁስል ከነብርቱካንማ ቀለበቱ ከወጣ፣ የውሃዎቹ ፍሬዎችም ደህና ከሆኑ፣ ከአዲሱ ቁስል ጠርዝ ቆርጣችሁ እንደገና ፒዲኤ ላይ አሳድጉት። ያው ፈንገስ ተመልሶ ሲወጣ ስለ ማንጎው ለጠየቁኝ ገበሬ እደውላለሁ።