ነፍሰ ጡር ሆነሽ የፍሉ ወቅት ሲገባብሽ

አዲስ አገር ገብተሽ፣ ቤቱም ወረቀቱም ገና መልክ ሳይዝ የፍሉ ክትባት ትዝ ባይልሽ አይገርምም። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ግን አስቀድሚው። ፍሉ ወይም ኢንፍሉዌንዛ ተራ ጉንፋን አይደለም። በእርግዝና ጊዜ የሰውነት መከላከያ ይለወጣል፣ ልብና ሳንባም ሥራ ይበዛባቸዋል። ሌላውን ሰው ሳምንት አስተኝቶ የሚለቅ ፍሉ ነፍሰ ጡርን የሳንባ ምች ሊያሲዛት፣ ምጥንም ያለጊዜው ሊያመጣ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ነፍሰ ጡሮች በክትባቱ ቅድሚያ እንዲያገኙ የመከረው ያለ ነገር አይደለም።

ክትባቱ በየትኛውም የእርግዝና ወር ይሰጣል። አንቺ የምትወስጂው መርፌውን ነው። በአፍንጫ የሚረጨው የተዳከመ ቢሆንም ሕይወት ያለው ቫይረስ ስላለበት ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። መርፌው ክንድ ያሳምም ይሆናል እንጂ ፍሉ አያሲዝም። «አምና ተከትቤያለሁ» ማለት አይሠራም፤ ቫይረሱ በየጊዜው ይለዋወጣል። መርፌው ሥራ ለመጀመር ሁለት ሳምንት ገደማ ስለሚፈጅ ወረርሽኙ እስኪጠና አትጠብቂ። ከገባም በኋላ ቢሆን ግን ተከተቢ። ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው፦ ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን የፍሉ ክትባት አይሰጠውም። አንቺ ስትከተቢ ግን መከላከያው በእንግዴ ልጁ በኩል ለእሱም ይደርሰዋል።

ባልሽና አብሮሽ የሚኖር ሁሉ ይከተብ። የሚያስል እንግዳ ከመጣ ይሉኝታውን ተይና ሲሻለው እንዲመጣ ንገሪው።

ካተኮሰሽና ሳል ከጀመረሽ በዚያው ቀን ለሐኪም ቤት ደውዪ። «ነገ ይሻለኛል» ብሎ መጠበቅ ነው የሚጎዳው፤ ኦሴልታሚቪር የተባለው የፍሉ መድኃኒት ይበልጥ የሚሠራው ምልክቱ በታየ በ48 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። ቋንቋው ገና ከሆነብሽ ይህችን በአገሩ ቋንቋ አስጽፈሽ ስልክሽ ላይ ያዢ፦ «የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ከትናንት ጀምሮ ትኩሳትና ሳል አለኝ። የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ።» ወሩንና ቀኑን በራስሽ ቀይሪው። እርግዝናውን መጀመሪያ ተናገሪ፤ አለዚያ ቀጠሮ ሊያርቁብሽ ይችላሉ። አስተርጓሚ መጠየቅ ደግሞ አያሳፍርም፣ ብዙ ሆስፒታሎች በስልክ ያገናኛሉ። ስትሄጂ ማስክ አድርጊ።

ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ይሆናል፤ አንዳንድ አገር አሴታሚኖፌን ብለው የሚሸጡት እሱኑ ነው። መጠኑን ፋርማሲስቱን ጠይቂ። አይቡፕሮፌን ግን ሐኪም ሳያዝልሽ አትንኪ።

ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ደረትሽን ከወጋሽ፣ ግራ የመጋባት ስሜት ከመጣ፣ ትኩሳቱ ለቆሽ እንደገና ከተነሳ ወይም የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ቀጠሮ የሚባል ነገር የለም፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። ከወለድሽ በኋላም ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ፍሉ ሊበረታብሽ ስለሚችል ያኔም ቶሎ ደውዪ።