የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ሲጠቀሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ብዙ ጊዜ ሳይስተዋል የሚያልፈው ስህተት መሣሪያው የሰጠውን የጥርስ ቁጥር እንዳለ መቀበል ነው። ባለሁለት አኃዙን የኤፍዲአይ (የዓለም የጥርስ ሐኪሞች ፌዴሬሽን) አቆጣጠር የለመደ ተማሪ «16» ሲል የላይኛውን ቀኝ የመጀመሪያ መንጋጋ ጥርስ ማለቱ ነው፤ አሜሪካውያን በሚሠሩበት አቆጣጠር ግን ይኸው ቁጥር በላይኛው ግራ መጨረሻ ላይ የሚገኘውን የጥበብ ጥርስ ያመለክታል። ቻትጂፒቲና መሰሎቹ በሁለቱም አቆጣጠሮች ከተጻፉ ጽሑፎች የተማሩ ስለሆኑ፣ የትኛውን እንደሚከተሉ አስቀድሞ ካልተነገራቸው ሊያቀላቅሉ ይችላሉ። በሕክምና ዕቅድ ላይ ከቁጥሩ ጎን የጥርሱን ስም በቃላት መጻፍ ለዚህ ጥሩ መከላከያ ነው።

ሁለተኛው ስህተት የማደንዘዣ መጠንን አስልቶ እንዲሰጥ መሣሪያውን መጠየቅና ውጤቱን ሳያረጋግጡ መያዝ ነው። ሁለት በመቶ ሊዶኬይን የተባለው ማደንዘዣ በአንድ ሚሊሊትር 20 ሚሊግራም ስለሚይዝ፣ 1.8 ሚሊሊትር የሚይዘው ካርትሪጅ (የማደንዘዣው ብልቃጥ) 36 ሚሊግራም አለው። ለሕፃናት በኪሎ 4.4 ሚሊግራም የሚለውን ወሰን ብንወስድ፣ 20 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ጣሪያው 88 ሚሊግራም፣ ማለትም ከሁለት ካርትሪጅ ተኩል በታች ይሆናል። ሌሎች ምንጮች ኤፒነፍሪን (የደም ሥርን የሚያጠብ መድኃኒት) ላለበት ሊዶኬይን በኪሎ እስከ 7 ሚሊግራም ይፈቅዳሉ፤ ይህን ወሰን የወሰደ መልስ ለዚያው ልጅ አራት ካርትሪጅ ገደማ ሊያደርስ ነው። መሣሪያው ከሁለቱ አንዱን መርጦ፣ የትኛውን እንደመረጠ ሳይናገር፣ በሙሉ ልብ ሊመልስ ይችላል። ስሌቱን ተማሪው ራሱ በወረቀት ሠርቶ ለአስተማሪው ማሳየት አለበት፤ እኔ በበኩሌ በዚህ ጉዳይ ድርድር አይታየኝም።

ራጅን በተመለከተ፣ ተማሪው በራሱ ዓይን ሳያነብና ግኝቱን ሳይጽፍ መሣሪያው በራጁ ላይ ያደረገውን ምልክት ማየት የለበትም። በጥርስ አንገት ላይ በጨረሩ ባሕርይ ምክንያት የሚታየው ጥቁረት መቦርቦር ሊመስል ስለሚችል፣ አስቀድሞ ምልክት ያየ ዓይን ምልክቱን ተከትሎ ይሄዳል።

የአካባቢን ሁኔታ ሳይገልጹ መጠየቅም ሌላ ስህተት ነው። በስምጥ ሸለቆ ብዙ የጉድጓድ ውኃዎች የፍሎራይድ መጠን የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው የ1.5 ሚሊግራም በሊትር ወሰን በላይ ነው። ይህን ያልተነገረው መሣሪያ ከዚያ አካባቢ ለመጣ፣ በፍሎራይድ ብዛት ጥርሱ ለበለዘ ልጅ ተጨማሪ ፍሎራይድ ሊመክር ይችላል።

የታካሚን ፎቶግራፍ ወይም ስም ያለበትን ራጅ በሕዝብ ክፍት በሆነ መሣሪያ ላይ መጫን በ2016 ዓ.ም. ከወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ አንጻርም ያስጠይቃል። ስሙን መቁረጥ ብቻውን አይበቃም፤ ፊትም መታወቂያ ነው።

ስለ ምንጮች ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ መሣሪያው የጠቀሰውን ጥናት ከፍቶ ያላነበበ ተማሪ በጽሑፉ ሊጠቅሰው አይገባም። ያልሠሩትን ሕክምና የሚገልጽ የሎግ ቡክ (የተማሪው የሕክምና ሥራ መዝገብ) ማስታወሻ ማስጻፍ ደግሞ ከዚህ ይከፋል፤ አስተማሪው ሲፈርምበት ተማሪው ያንን ሥራ ብቻውን ለመሥራት እንደበቃ አድርጎ ይቆጥራልና።