በሬንና ቤትን ትቶ የበጋ መንገድ መውጣት፦ ከጥር እስከ መጋቢት እንዴት እንደሚዘጋጁ

ጎጃም ውስጥ የገበሬ ቤት ትንፋሽ የሚያገኘው ቢበዛ ለሁለት ወር ተኩል ነው። ጤፉ ተወቅቶ፣ በርበሬው ተለቅሞ፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ እስከ መጋቢት አጋማሽ ድረስ ሞፈርና ቀንበር ግድግዳ ተደግፈው ይከርማሉ። ጠበል የሚሄደው፣ ከተማ የገቡ ልጆቹን የሚጠይቀው፣ እንደ እኔ አዲስ አበባ በግንበኝነት ጥቂት ብር ቋጥሮ ለመመለስ የሚያስበው ሁሉ ከቤቱ የሚወጣው ያን ጊዜ ነው። እኔ ከቡሬ አካባቢ ተነሥቼ በደብረ ማርቆስና በደጀን አድርጌ፣ የዓባይን በረሃ ተሻግሬ መመላለስ ከጀመርኩ ዘጠኝ በጋ ሆነኝ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ያመጣሁትን ብር መልሰው በልተውታል።

ሰሊጥ ለማረምና ለማጨድ ወደ መተማና ሁመራ የሚወርዱ ሰዎች ጉዳይ ሌላ ነው። የእነሱ ጉዞ ከራሳቸው አረምና አጨዳ ጋር ስለሚጋጭ ስሌቱም ይለያል። እዚህ የምጽፈው በበጋ ለሚሄድ ሰው ነው።

1. የመነሻውን ቀን መቁረጥ

ቀኑን አውቶቡስ አይቆርጠውም። አውድማው ተጠርጎ እህል ቤት ካልገባ መሄድ የለም፤ ይህን ማንም ያውቀዋል። የሚረሳው የልጆች ፈተና ነው። የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ጥር ላይ ይውላል። አባት ቀድሞ ከወጣ ከብት መጠበቁ ማጥናት በሚገባው ልጅ ላይ ይወድቃል። ፈተናው እስኪያልቅ አንድ ሳምንት መቆየት ይሻላል።

የተፋሰስ ሥራም አለ። በየዓመቱ በዚሁ ሰሞን እርከን ለመሥራት ሰው ስለሚወጣ፣ የእናንተን ቀን ቀድማችሁ ሥሩ ወይም በስማችሁ የሚወጣ ሰው ለልማት ቡድኑ አሳውቁ። ሳትናገሩ ብትቀሩ ወቀሳውን የምትሰማው ቤት የቀረችው ሚስት ናት። ያልመለሳችሁት ወንፈል፣ ያልከፈላችሁት የመሬት ግብር፣ ያልታደሰ የጤና መድን ካለም ሳትነሡ ይለቅ።

2. እህሉን ማድረቅና መለየት

በቆሎ ደረቀ ተብሎ እርጥብ ከገባ የሚሆነውን የሚያየው የሄደው ሰው ሳይሆን በሚያዝያ ጎተራውን የሚከፍተው ነው። አባቴ ፍሬውን በጥርሱ ሰብሮ ይፈርድ ነበር። ጥርስ ግን ያታልላል፤ እኔ በጨው መሞከርን እመርጣለሁ። ንጹሕና ደረቅ የመስታወት ጠርሙስ ሲሶውን በቆሎ ሙሉበት፤ ሁለት ሦስት ማንኪያ ደረቅ ጨው ጨምሩና ክዳኑን ገጥማችሁ ደኅና አድርጋችሁ ናጡት። ሩብ ሰዓት ያህል አስቀምጣችሁ እዩት። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ እህሉ ገና ነው፤ ወደ ፀሐይ ይመለስ። ጠርሙሱ ጥርት ካለ ይገባል።

ከረጢቱን በተመለከተ ሦስት ድርብ ያለው አየር የማያስገባው ከረጢት ዋጋውን ያወጣል። ነቀዙ አየር አጥቶ ስለሚሞት መድኃኒት አያስፈልገውም፤ አይጥ ከበሳው ግን ከተራ ማዳበሪያ አይሻልም። የነቀዝ ክኒን የሚባለውን ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ አልጠቀምም፤ ማንም እንዲጠቀም አልመክርም። ጋዙ ሰው ይገድላል። ልጆች ከጎተራው አጠገብ የሚተኙበት ቤት ትቶ የሚሄድ አባት ክኒኑን ጨርሶ ሊያስበው አይገባም።

ከዚያ እህሉን ለዘር፣ ለቀለብ፣ ለሽያጭ ለዩት። መለየቱ ቀላል ነው፤ ከባዱ ማን ይሸጣል የሚለው ነው። በመጀመሪያው ዓመት ለባለቤቴ «ሲያስፈልግሽ ሽጪ» ብያት ሄድኩ። ዋጋው ጥሩ በነበረበት ቅዳሜ አንዱ ዘመድ «እሱ ሳይመጣማ» አላት፤ እሷም ተወችው። ከዚያ ወዲህ «የሽያጩ አራት ኩንታል ሙሉ በሙሉ በእሷ እጅ ነው፤ ዋጋው ይህን ያህል ሲደርስ ትሸጣለች፤ ማንንም አታማክርም» የሚለውን ወንድሞቼ በተሰበሰቡበት፣ ቡና ላይ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ እናገራለሁ። ለእሷ ብቻ መንገሩ አይበቃም።

3. በሬዎቹን ለሰው መስጠት

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ሰው የሚከስረው እዚህ ነው።

በሁለተኛው ዓመት ጥማዴን ለአንድ ዘመድ «እንደ ዓይንህ ብሌን» ብዬ ሰጠሁት። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ አልሸጠ፣ አልደበደበ። ግን በመስኖ ሽንኩርት የሚተክል ሰው ነበርና በበሬዎቼ አረሰ። ከዚያ ለጎረቤቱ አቀናጀ፤ ጎረቤቱም ለአማቹ አዋሰ። እኔ መጋቢት ላይ ስመለስ ሻኛቸው ጎድሎ የዳሌ አጥንታቸው ወጥቷል። ዝናብ ጠብ ሲል ጠመድኩ። በሁለተኛው ቀን ወይኖ የምለው በሬዬ ትልሙ መካከል ተንበረከከ። ጅራፍ አላነሣሁም፤ ቀንበሩን ፈትቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። የዚያን ዓመት የበቆሎ ማሳዬ በቂ እርሻ ሳያገኝ ዘር ገባበት፤ ሰርዶው እስከ ነሐሴ ድረስ መላውን ቤተሰብ ሲያደክም ከረመ። ዘመዴን ልወቅሰው ብል ምን ብዬ? አታርስባቸው አላልኩትም፤ ምን ያህል ይብሉ አላልኩትም።

ስለዚህ መጀመሪያ መኖውን ቁጠሩ። የአገራችን በሬ በቀን ከስድስት እስከ ሰባት ኪሎ ደረቅ መኖ ይበላል። ለጥማድ በሬ፣ ለስድሳ ቀን፣ ስምንት ኩንታል ገደማ ጭድ ማለት ነው። የሚረገጠውንና የሚበሰብሰውን ስታስቡ አሥር አድርጉት። «ክምሩ ይበቃል» ብሎ በዓይን መገመት አያዋጣም፤ አንድ ሸክም በሚዛን መዝኑና ክምሩ ስንት ሸክም እንደሚወጣው አስሉ። ክምሩ ከመሬት ከፍ ባለ እንጨት ላይ ካልሆነ ምስጥ ከሥር ይበላዋል። ጫፉም እንደ ጎጆ ክዳን ሾጥጦ ካልተበጠረ የየካቲት ድንገተኛ ዝናብ እስከ መሐሉ ይገባል።

ጭድ ብቻውን ሆድ ይሞላል እንጂ ሥጋ አይሠራም። እርሻ ሊጀመር አንድ ወር ሲቀረው ለእያንዳንዱ በሬ በቀን አንድ ኪሎ ያህል የኑግ ፋጉሎ፣ ጨው፣ ከተገኘም አተላ ይጨመር። ለጥማዱ ስድሳ ኪሎ ፋጉሎ ገዝታችሁ አስቀምጡ እንጂ ገንዘቡን ትታችሁ አትሂዱ። ገንዘብ ሌላ ጉዳይ ያገኛል። ውኃ በቀን ሁለት ጊዜ። ረግረግ ዳር ማሰማራት በበጋ ለምለም ስለሚመስል ያጓጓል፤ የጉበት ትል የሚይዛቸው ግን እዚያ ነው። ክትባትና የትል መድኃኒት ከመሄዳችሁ በፊት ይሰጣቸው።

ቀጥሎ የእርሻውን ቀን ቁጠሩ። ብዙ ሰው ፈርቶ «አንድም ቀን እንዳትጠምዳቸው» ይላል። እኔ ይህን አልወደውም። የሚያበላ፣ የሚያጠጣ፣ ሌሊት ተነሥቶ የሚያይ ሰው አንድ ነገር ማግኘት አለበት፤ ካልፈቀዳችሁለት ሳትሰሙ ያርሳል። እኔ አሁን ስድስት ቀን እፈቅዳለሁ፤ ለሌላ ማዋስ የለም፤ ከየካቲት 20 በኋላ ቀንበር አይነካቸውም። ይህን ሁለት ሽማግሌዎች ባሉበት እንነጋገራለን። በሬዎቹንም ከጎንና ከኋላ በስልክ ፎቶ አነሣለሁ። መጀመሪያ ጊዜ ሳነሣ ዘመዱ ቅር አለው። «ለእኔም ለአንተም ነው፤ ከስተው ከሰጠሁህ አንተ እንዳትከሰስ ነው» አልኩት፤ ሳቀና ራሱ ገመዱን ያዘልኝ።

4. በስልክ መጠየቅ

ደውላችሁ «ደኅና ናችሁ?» ካላችሁ መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ጎርፍ ቤቱን ቢወስደውም መልሱ ይኸው ነው፤ ማን በሰው አገር ላለ ሰው ክፉ ይነግራል? የሚቆጠር ነገር ጠይቁ። ስንት ሸክም ጭድ ቀረ? ላሟ ትናንት ስንት ኩባያ ታለበች? ትንሹ ስንት ቀን ከትምህርት ቀረ? ቁጥር ለመደበቅ ያስቸግራል። ልጆቹን ለየብቻ አነጋግሩ፤ እውነቱ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ከትንሹ ነው።

ገንዘብ በቴሌብር ወይም በባንክ ላኩ፤ በሰው አትላኩ። በባለቤታችሁ ስም ይሁን፤ የምስጢር ቁጥሩን እሷ ራሷ ትያዘው።

5. መመለስ

የመመለሻውን ቀን ከመጀመሪያው እርሻ አሥራ አምስት ቀን አስቀድሙ። መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ አለና አምስቱን ቀን መንገዱ ሊበላው ይችላል። የቀረው አሥር ቀን በሬ ለመመገብ ነው። ዐቢይ ጾም ስለሚሆን ድግስም አይዛችሁም። ማረሻና ወገል ግን ከመሄዳችሁ በፊት ባለ እጁ፣ ብረት ቀጥቃጩ፣ ጋ አድርሱ። መጋቢት ላይ ሰው ሁሉ እዚያ ተሰልፎ ስለሚከርም የማትጠብቁት ጥር ላይ ብቻ ነው። የተሳለውን ማረሻ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ባለቤታችሁ የምታውቀው ቦታ አስቀምጡት። እኔ አንድ ዓመት ጎተራው ሥር ሸጉጬው ሦስት ቀን ፈልጌዋለሁ።