ዓምዱ ሲደመር 0 ለሚሆንባችሁ፦ በሊብረኦፊስ ካልክ (የሠንጠረዥ ፕሮግራም) ያገኘሁት መፍትሔ

ከድረ ገጽ ገልብጬ ያስገባሁት የቁጥር ዓምድ ሲደመር ውጤቱ 0 ይሆናል። ቁጥሮቹ ግን በግልጽ ይታያሉ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ።

መጀመሪያ የሴሎቹን ቅርጸት ወደ ቁጥር ቀየርሁ፤ ቅርጸት መልክን እንጂ ይዘትን ስለማይለውጥ አልረዳኝም። ትርፍ ክፍተት የሚያጠፋው ትሪም የተባለው ቀመርም አልሠራም።

መንገዱን ያሳየኝ ኮንትሮልና ኤፍ 8 ቁልፎችን አብሮ መጫን ነው። ቁጥርን በሰማያዊ፣ ጽሑፍን በጥቁር ይለያል። የእኔ ዓምድ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ነበር! የአንዱን ሴል የመጨረሻ ምልክት የምልክትን መለያ ቁጥር በሚሰጠው የዩኒኮድ ቀመር ስመረምር 160 አለኝ። ተራው ክፍተት 32 ነው፤ 160 ግን መስመር እንዳይሰበር የሚያገለግል ሌላ ክፍተት ነው። ትሪም ያልነካው ለዚህ ነው።

የፋይሉን ቅጂ አስቀምጬ፣ ያችን ክፍተት ብቻ ከሴሉ ቀዳሁ። ዓምዱን መርጬ በኮንትሮልና ኤች የፈልግና ተካ መስኮትን ከፈትሁ፤ ክፍተቷን በመፈለጊያው ሳጥን ለጥፌ፣ የመተኪያውን ባዶ ትቼ፣ ሁሉንም ተካሁ። ዓምዱ ሰማያዊ ሆነ። ጥቁር ሆነው የቀሩት ጥቂት ሴሎች ደግሞ ከዳታ ምናሌ ቴክስት ቱ ኮለምንስን ከፍቼ እሺ ስል ተስተካከሉ፤ ድምሩም ወጣ።