ግሱን ሸፍኑና ቁጥሩን አንብቡ

«እጩው ተንኮታኮተ!» «ተቀናቃኙ ሽቅብ ተስፈነጠረ!» የአሜሪካ ምርጫ ሲቃረብ ሐዋሳ ፍቅር ሐይቅ ዳር ቁጭ ብላችሁ ስልክ ስትጎረጉሩ ስለ ሕዝብ አስተያየት ጥናት እንዲህ ያለ ርዕስ አይጠፋም። ቀላል ዘዴ ላካፍላችሁ። ግሱን በአውራ ጣታችሁ ሸፍኑት። ከዚያ ሦስት ቁጥር ብቻ ፈልጉ፦ ያለፈው ውጤት፣ የአሁኑ ውጤትና የተጠየቀው ሰው ብዛት።

ለምሳሌ እጩው ከ46 ወደ 44 በመቶ ወርዶ የተጠየቁት 1000 ሰዎች ከሆኑ፣ «ተንኮታኮተ» የሚለውን «ያው ነው» ብላችሁ አንብቡት። ለምን? 1000 ሰው በዕጣ ተመርጦ ሲጠየቅ ውጤቱ ወደ ላይም ወደ ታችም 3 ነጥብ ያህል ሊዋዥቅ ይችላል። ሁለት ጥናት ስታነጻጽሩ ደግሞ ሁለቱም ስለሚዋዥቁ የ4 ነጥብ ልዩነት እንኳ በአጋጣሚ ሊመጣ ይችላል። ግን «2 ነጥብ ወረደ» የሚል ርዕስ ማን ይከፍታል? ርዕስ አውጪውም እንጀራው ነው።

የተለያዩ ተቋማት ጥናቶች በተከታታይ ወደ አንድ አቅጣጫ ካዘነበሉ ግን 2 ነጥብም አትናቁ።

የቴሌግራም ቻናል የድምፅ መስጫ ላይ ይህን ስሌት ጭራሽ አትሞክሩት። እዚያ የሚመልሰው ደስ ያለው ሰው ነው እንጂ በዕጣ የተመረጠ አይደለም፤ ብዛቱም አያድነውም። እ.ኤ.አ. በ1936 አንድ የአሜሪካ መጽሔት ስለ ፕሬዚዳንታዊው ምርጫ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰብስቦ «እጩው ላንደን ያሸንፋል» አለ። ተፎካካሪው ሩዝቬልት ግን ከ48 ግዛቶች 46ቱን ጠራርጎ ወሰደ።